ፈረሱ ያልመጣበት ገበያ

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ፈረስ ማየት ብርቅ ነው። አህያ አለ፤ በእህል በረንዳ በኩል ተጭኖ ከመኪና ጋር የሚጋፋው አህያ የመርካቶ ነባር ሠራተኛ ነው። ፈረሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ቢሾፍቱና ሞጆ ጋሪ ይጎትታል፣ ሰላሌ ሜዳ ላይ ይግጣል፣ አዊ ውስጥ ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ይቀለባል። ወደ አውቶቡስ ተራ የሚመጣው ባለቤቱ ብቻውን ነው። የመጣበትን ጉዳይ ይጨርስና መኪናው እስኪሞላ ወደ ጎማ ተራ ወይም ወደ ምናለሽ ተራ ጎራ ይላል። ሲመለስ ገመድ ይዟል፣ ስፖንጅ ይዟል፣ አንዳንዴ ልጓምና ቃጭል፣ አንዳንዴም በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ መድኃኒት። ዕቃው ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰራል፤ ጉዞ ይጀመራል።

ከዚያ ዕቃ ስንቱ ፈረሱ ላይ እንደሚውል ለማወቅ ፈረስ ያለው ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳውን ማየት ይበቃል። ለአፉ የሰፋ ልጓም በሚስማር ተሰቅሏል። አንድ ክረምት ብቻ ያገለገለ የላስቲክ ማንገቻ ከጎኑ አለ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ግማሽ ድረስ የተቀዳ፣ ጽሑፉ የለቀቀ ብልቃጥ ቆሟል። ይህን ያየ ሽማግሌ፣ መርካቶ ልጁን እንዳታለለው እርግጠኛ ነው። ልጁ በበኩሉ ያለው ሰው መርጦ ይገዛል፣ የሌለው ያገኘውን ይገዛል ባይ ነው። ሁለቱም ጋ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚዘሉት አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፦ ዕቃው የተገዛው ለባሹ በሌለበት ነው። ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ይዞ ይሄዳል። ፈረስ ግን ከኢንጅባራ ተጭኖ ልጓም ሊለካ መርካቶ አይመጣም።

በገመድ ልጀምር፤ ቅሬታው የሚበዛው እሱ ላይ ነው። የናይለን ገመድ ርካሽ ነው፣ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ በተፈለገው ርዝመት ይቆረጣል። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ላይ ሲታሰር ግን ሌላ ጠባይ ያወጣል። ክብ በመሆኑ ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው ጣት በማትሞላ መስመር ላይ ነው፤ ላብና አቧራ ሲጠጣ ደግሞ ይሻክራል። ቁስሉ የሚጀምርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ደረት፣ ጫንቃና ከጅራት ሥር። የጅራቱ በተለይ ተደብቆ የሚያድግ ቁስል ነው። መጀመሪያ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ዝንብም ያን ጊዜ ይመጣል። ባለ ጋሪው ከላይ ተቀምጦ የሚያየው ፈረሱ ጅራቱን ሲያወዛውዝና ሲራገጥ ብቻ ስለሆነ “አመል አወጣ” ብሎ አለንጋ ይጨምርበታል። ጅራቱን ከፍ አድርጎ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የገመዱን ጥፋት ለማስተካከል ስፖንጅ የሚገዛም አለ። ስፖንጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ይመቻል። በሁለተኛው ሳምንት ላብ ጠጥቶ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ይጠጥራል፣ ይቆራረሳል፣ ፍርፋሪው ጠጉሩ ውስጥ ይገባል። በሸራ ተሰፍቶ ማታ ማታ ቢታጠብ ረዥም ጊዜ ያገለግል ነበር። ማታ ግን ባለ ጋሪው ደክሞታል።

እዚህ ላይ የነባሩ ዕቃ ወዳጆች ድምፅ ይጎላል። ድሮ ማንገቻውም ኮርቻውም የሚሠራው ከቆዳ ነበር፣ ሠሪው ፈረሱን አይቶ ይቆርጥ ነበር፣ ከኮርቻው ሥር አጎዛ ይነጠፍ ነበር ይላሉ። የሐበሻ ኮርቻ አሠራሩን ለሚያውቅ ይህ ተራ ናፍቆት አይደለም። ሁለቱ እንጨቶች በግራና በቀኝ ጎን ያርፋሉ፣ መካከሉ ክፍት ሆኖ የጀርባው አጥንት ሳይነካ ያልፋል። ጀርባ እንዳይገጠብ ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው። የበግ አጎዛም ላብ ይመጥጣል፣ ይተነፍሳል፤ የማዳበሪያ ከረጢት አጥፎ ከኮርቻ ሥር ማስገባት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሆኖም ቆዳ ያለ እንክብካቤ አይኖርም። በሞራ ወይም በቅቤ ካልታሸ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ከገመድ የባሰ ይቆርጣል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ የሚውል የጋሪ ፈረስ ቆዳ ለብሶ ቢወጣ ማታ ዕቃውን የሚያደርቅለት ሰው ያስፈልጋል። ከዚያም የባለቤትነት ነገር አለ። የሌላ ሰው ጋሪ እየነዳ በየቀኑ ሒሳብ የሚያስገባ ወጣት ብዙ ነው፤ ነገ ለሌላ ነጂ ለሚሰጥ ፈረስ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የቆዳ ማንገቻ ይግዛ ማለት ይከብዳል። ባለንብረቱ በፊናው ፈረሱን የሚያየው ማታ በጨለማ ነው። በሁለቱ መካከል ገመድ ያሸንፋል። የሚያስቆጨው፣ የከብት ቆዳ ዋጋ አጥቶ በየበዓሉ ማግስት መንገድ ዳር ተጥሎ በሚታይበት አገር የቆዳ ማንገቻ ውድ መሆኑ ነው። ጥፋቱን ገመድ ሻጩ ላይ መጣል አይቻልም፤ የቆዳ ባለሙያውን ለዘመናት እየናቅን ከሥራው ያራቅነው እኛው ነን።

“ያገለገለ ይሻላል፣ ለስልሷል” የሚል ምክርም ይሰማል። ግማሹ ልክ ነው። የለሰለሰ ቆዳ ከአዲስ ይልቅ ይመቻል። የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለ የፈንገስ በሽታ ግን በቁስል በኩል ነው የሚገባው፤ ዝንብ ያዛምተዋል፣ ከታመመ ፈረስ ወደ ጤነኛው የሚዘዋወር ዕቃም ያዛምተዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ ከ100ው ወደ 19 የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አግኝቷል። ስለዚህ ያገለገለ ማንገቻ ገዝቶ ሳያጥብና ፀሐይ ላይ ሳያሰጣ ማሰር፣ በቅናሽ የገዙትን በፈረስ ዕድሜ መክፈል ነው።

ልጓም ላይ የነባሩና የአዲሱ ክርክር ይገለበጣል። የጥንቱ ልጓም ደግ አልነበረም። አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የተያያዘ የብረት ቀለበት የታችኛውን መንጋጋ ይዞ፣ ዛቡ ሲሳብ አጥንቱን ያጣብቃል። ጉግስ ላይ በሙሉ ሩጫ የሚመጣ ፈረስ ባንዴ የሚቆመው በሌላ ምሥጢር አይደለም። ከውጭ የሚገባው፣ መካከሉ ላይ የሚተጣጠፈው ለስላሳ ልጓም ከዚህ ይሻላል። ስለዚህ “ፈረንጅ ዕቃ ምን ያደርግለታል?” የሚለው ወቀሳ እዚህ አይሠራም፤ ገዢው ለፈረሱ አስቦ ነው የገዛው።

ችግሩ ልኩ ነው። በፋብሪካ የሚሠራው የተለመደው ልጓም 12.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት አለው፤ የታሰበው ለትልልቆቹ ፈረሶች ነው። የሰላሌም ይሁን የሆሮ፣ የባሌም ይሁን የከፋ፣ የእኛ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ እስከ ጫንቃው ከ1 ሜትር ከ40 አይዘልም፤ አፉም እንደ ቁመቱ ነው። የሰፋ ልጓም ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፣ ሲሳብ መታጠፊያው ወደ ላይ ተነሥቶ ላንቃውን ይወጋል። ፈረሱ አፉን ይከፍታል፣ ራሱን ያነሣል፣ አልታዘዝም ይላል። ባለቤቱ “ይኼ ዕቃ አይረባም” ብሎ ይሰቅለውና ወደ ቀለበቱ ይመለሳል። ዕቃው ግን ይረባ ነበር፣ ለሌላ ፈረስ። ከዚህ የሚከፋው ከፌሮ ቁራጭ ተበይዶ የሚሸጠው ነው። ብየዳው ካልተሞረደ ጉብታው ምላስ ላይ ነው የሚያርፈው። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር በጣት መዳበስ ነፃ ነው፤ ጣትን የጫረ ምላስንም ይጭራል።

ስላገለገሉና ስላላገለገሉ ዕቃዎች ካነሣን፣ ሥራ የሚፈታው አዲሱ ዕቃ ብቻ አይደለም። ባላገር ፈረሰኛ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ በእርካብ አስገብቶ ይጋልብ ነበር። ዛሬ ሁሉም ጫማ ያደርጋል፤ የአያት ጠባብ እርካብ ከልጅ ልጁ ጫማ ጋር አይገጥምምና እሱም ሚስማር ላይ ነው ያለው። በዚያኛው ማንም አይቆጭም፤ ቅርስ ይባላል።

አሁን ወደ ብልቃጡ። ገጠር ያለ ፈረሰኛ መድኃኒት ገዝቶ ማስቀመጡን የከተማ ሰው በቀላሉ “ድንቁርና” ይለዋል። አይደለም። የእንስሳት ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ቢደረስበትም ባለሙያው መስክ ወጥቶ ይሆናል፣ እሱ ቢገኝ መድኃኒቱ ያልቃል። ፈረሱ ቅዳሜ ማታ ሆዱን ቢያመው ሰኞን የሚጠብቀው ማን ነው? ከዚህ አንጻር መስኮት ላይ የሚቀመጥ ብልቃጥ መድን ነው፤ ሳይከፈት ቢቀርም ኪሳራ ላይባል ይችላል። ይህን ክርክር አከብራለሁ።

አከብራለሁ እንጂ አልስማማም፤ ቢያንስ በመርፌ ለሚሰጠው። ገዢው አውቶቡስ ተራ ቆሞ ለሻጩ የሚነግረው “ይከሳል፣ ያስለዋል” የሚል ነው። መክሳት ከጥርስ ሊመጣ ይችላል፣ ከሆድ ትል፣ ከመኖ ማነስ፣ ከገንዲ። ሻጩ ፈረሱን አላየውም። ከብት ላይ የታወቀውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም በመርፌ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ያወጣለታል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን በመርፌ ፈረስ ላይ ሲወጋ የተወጋበት ሥጋ ክፉኛ የሚያብጥበት ጊዜ አለ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊንም በደም ሥር በችኮላ ከተሰጠ ፈረሱን ባለበት ሊጥለው ይችላል። መጠኑ የሚቆረጠው በኪሎ ነው። ትልቅ ፈረስ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ የእኛ ፈረስ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዓይን ገምቶ መስጠት ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል፤ ያነሰው ደግሞ ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን አስለምዶት ይቀራል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተደነገገ ነው፤ ፈቃድ ካለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት መግዛትና ከበረንዳ መግዛት የሚለያዩትም ለዚህ ነው። ክትባት ከናካቴው በኪስ የሚያዝ ነገር አይደለም። ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚሰጠውን ክትባት ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ውኃ መውጋት ነው።

መኖም ቢሆን እንዲሁ። ለዶሮ ተብሎ የተቀላቀለ መኖ ተርፎ ለፈረስ ሲሰጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። በአንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞኔንሲን ዶሮን ከበሽታ ይከላከላል፣ ፈረስን ግን በጥቂቱ ልቡን መትቶ ይገድላል። ይህ ተገዝቶ ሳይበላ ቢቀር የሚደሰቱበት ዕቃ ነው።

ብልቃጡን ሁሉ አውግዤ ላልፍ አልፈልግም። የቁስል አዮዲን፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ፋሻ ቤት ውስጥ ቢቀመጡ አያስቆጩም። ለማጠቢያ መርካቶ መውረድም አያሻም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ የገጠበ ጀርባን ለማጠብ በቂ ነው።

ጌጥ ላይ ስደርስ ከብዙ መካሪዎች እለያለሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ፈረሶቹ የሚለብሱትን ያየ ያውቀዋል፤ በግንባር ላይ ቀይ ዘርፍ፣ በአንገት ቃጭል፣ በጀርባ ጥልፍ ያለበት ግላስ። በዓሉ በዓድዋና በማይጨው የዋሉ አርበኞችን ከነፈረሶቻቸው ያስባል። ነገሥታቱ ራሳቸው አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኛው ተብለው በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር፣ ፈረስን ለአንድ ቀን ማስጌጥ ብክነት ነው የሚል ሰው ማኅበሩን ቀርቶ ታሪኩንም አልተረዳም። ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ የሚተኛው ግላስ ሥራ የፈታ ሳይሆን የክት ነው። ሰው የክት ነጠላውን በአዘቦት አለመልበሱን ማን ይቆጥርበታል?

የሚያስቆጨው የክቱን ዕቃ ለዘወትር መግዛት ነው። ለበዓል የተሠራ፣ ብልጭልጩ የበዛ፣ ሥፌቱ የሳሳ ኮርቻ ገዝቶ በየገበያው ቀን ሲጭኑበት በሦስተኛው ወር ይፈታል። የጋሪ ፈረስ ዓይን መከለያ ላይ የሚለጠፈው መስታወትና የላስቲክ አበባም ደንበኛ ይስባል የሚሉ አሉ፤ ይስብ ይሆናል። መከለያው ራሱ ዓይኑን የሚነካ ከሆነ ግን አበባው የቁስል ማስጌጫ ነው።

ፈረሰኛው ምንም ቢጠነቀቅ ከእጁ ውጭ የሆነም አለ። ባጃጅ ከገባ ወዲህ የጋሪ ሥራ ቀንሷል፣ በተለያዩ ከተሞችም ጋሪ ከአስፋልት እንዲወጣ ተደርጓል። አምና አዲስ ጎማና ማንገቻ የገዛ ሰው ዘንድሮ ጋሪውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ስለተወደደ፣ ነገ ይጨምራል ብሎ ሳያስፈልገው የገዛም አለ። እነዚህን ሰዎች “ሳታስብ ገዛህ” ማለት ግፍ ነው።

ሻጩስ? ደረሰኙ ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ተብሎ ታትሟል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስለወጥ ይፈቅዳል፤ ልጓም ለፈረስ መስፋቱ ግን የዕቃው ጉድለት አይባልም። ሕጉ እዚህ ገዢውን አያድነውም። ነጋዴው ግን ደንበኛው ከሩቅ እንደመጣ እያወቀ “ካልሆነ እቀይርልሃለሁ” ቢል የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ መርካቶ ውስጥ በቃሉ የሚታወቅ ነጋዴ ሞልቷል፣ እንዲህ ያለውን ፈልጎ ደንበኛ ማድረግ ከዋጋ ክርክር ይበልጣል።

እኔ የምፈርደው ይህን ነው፦ መርካቶም፣ ገዢውም ከተወቀሱት በታች ጥፋተኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ልኩ ከቤት ሳይመጣ መገዛቱ ላይ ነው። ፈረስ ያላችሁ፣ አውቶቡስ ተራ ለመምጣት ከመነሣታችሁ በፊት ማታውን ሲባጎ ያዙ። የአፉን ስፋት ከከንፈር ጥግ እስከ ከንፈር ጥግ ለክታችሁ ቋጥሩ፤ ልጓሙ ከዚያ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ከዚያ አይለፍ። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሩ ኋላ ለኩ። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውንም ጨምሩ። እነዚህ ሁለቱ ለማንገቻ ብቻ ሳይሆን ለክብደትም ይሆናሉ፤ የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለ11,880 ሲካፈል ኪሎውን በግምት ይሰጣል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ ወደ 220 ኪሎ ነው ማለት ነው። ያን ቁጥር ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። ገመድ መግዛታችሁ ካልቀረ ጠፍጣፋውን፣ ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋውን ምረጡ። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ግን ከአውቶቡስ ተራ አትግዙ፤ ያን ገንዘብ ፈረሱን ጤና ጣቢያ ለማድረስ አውሉት።